የናድሮጋ ልጃገረዶች፦ ለጤና ተማሪዎች የተመረጠ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ፣ ቴሌቪዥን ሲገባ ልጃገረዶች ስለ ሰውነታቸውና ስለ ምግብ ያላቸው አስተሳሰብ የተቀየረበት፣ የተፈጸመው ፊጂ ውስጥ ነው። የመረጥኩት ግን ለኛ ለጤና ተማሪዎች ነው፤ ለነርሲንጉ፣ ለሚድዋይፈሪው፣ ለፋርማሲው፣ ለሕክምናው። ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊጂ በደቡብ ፓሲፊክ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ከደሴቶቹ ትልቋ ቪቲ ሌቩ ትባላለች። ናድሮጋ የሚባለው አውራጃ በዚች ደሴት ደቡብ ምዕራብ በኩል ይገኛል። ሰዉ ጎደሬና ካሳቫ ያበቅላል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ባሕሩ ዳር ደግሞ ቱሪስት የሚያርፍባቸው ሆቴሎች ተደርድረዋል። እዚህ አካባቢ የቴሌቪዥን ስርጭት የደረሰው በ1995 ነው። ያውም አንድ ጣቢያ ብቻ። ከሚታዩትም የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ነበሩ፤ እነ ቤቨርሊ ሂልስ 90210፣ እነ ዚና።

አን ቤከር ይህን ጊዜ አገሩን በደንብ ታውቀው ነበር። ቤከር የሃርቫርድ ምሁር ናት፤ የሥነ አእምሮ ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም። ፊጂ መመላለስ የጀመረችው በ1980ዎቹ ነው። ከሰዉ ጋር ኖራለች፣ አብራ በልታለች። ሰዉ ስለ ሰውነት ምን እንደሚያስብ ቀስ ብላ አጥንታለች። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ታዲያ ብዙ ተመራማሪ የማያገኘው ዕድል ገጠማት። «ከመምጣቱ በፊት እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያላት ሰው ነበረች።

እስቲ ይሄን «በፊት» እንየው።

ናድሮጋ ውስጥ የአንድ ሰው ሰውነት የራሱ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ሞላ ደልደል ካለች ቤተሰቧ ይንከባከባታል ማለት ነው። ጠንካራ ናት፣ ሥራ ትችላለች ማለት ነው። ከከሳች ግን ጎረቤት ሁሉ ይጨነቃል። ማን ነው ያልመገባት? ማን ነው ያስከፋት? የምግብ ፍላጎት መጥፋት ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣለታል። ማዕድ ቀርቦ በደጅ የሚያልፍ ሰው ካለ ዝም አይባልም፣ ይጠራል። «ብላና ወፍር» ማለት እዚያ ስድብ አይደለም፣ ምርቃት ነው።

ለኛ ይሄ እንግዳ አይሆንብንም። «በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ የሚደገምበት አገር ነው ያደግነው። ከክረምት በኋላ የተገናኘች አክስት ከሰላምታዋ ቀጥላ የምትናገረው ስለ ሰውነት ነው። «አማረብሽ፣ ወፈር ብለሻል!» ካልሆነም «ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» ትላለች። ኤችአይቪ ሰዉን ባስፈራበት ዘመንማ መክሳት ብቻውን ሐሜት ይጠራ ነበር።

ቤከር ያስተዋለችው ሌላም ነገር አለ፤ ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው። ፊጂዎች ስለ ሰው ሰውነት በግልጽ ያወራሉ። የአንዷን ቅርጽ ያደንቃሉ፣ የሌላዋን ይነቅፋሉ። ያደነቁትን ቅርጽ ለማግኘት ግን የራሳቸውን ሰውነት ሲታገሉት አላየችም። ማማርና መታገል አልተገናኙም ነበር። ሰውነት እንደ ፕሮጀክት የሚያዝ ነገር አልነበረም። የአመጋገብ መዛባት የሚባለው ሕመምም (ራስን ማስራብ፣ የበሉትን ሆን ብሎ ማስመለስ) እዚያ ያልተለመደ ነበር።

እንግዲህ ጥናቱ ይሄ ነው። ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1995፣ በሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 63 የፊጂ ተወላጅ ልጃገረዶች መጠይቅ ሞሉ። ዕድሜያቸው 17 ዓመት አካባቢ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በዚያው አካባቢ በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ 65 ሌሎች ልጃገረዶች ያንኑ መጠይቅ ሞሉ። ሁለቱ ቡድኖች በዕድሜም በክብደትም ጉልህ ልዩነት አልነበራቸውም። መጠይቁ ኢት-26 ይባላል፤ ስለ አመጋገብና ስለ ክብደት 26 ጥያቄ አለው። ውጤቱ ከ20 ካለፈ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ጠጋ ብላችሁ እዩ» ማለት ነው። ከዚያ በላይ ምንም ማለት አይደለም፤ ምርመራውን አይተካም። ቤከርም ይህን ስለምታውቅ በወረቀቱ ብቻ አልተማመነችም፣ ልጃገረዶቹን ቃለ መጠይቅ አደረገችላቸው።

በ1995 ከ20 በላይ ያመጡት 12.7 በመቶ ነበሩ። በ1998 ግን 29.2 በመቶ ሆኑ። ክብደት ለመቀነስ ብላ ራሷን የምታስመልስ ልጅ በመጀመሪያው ዙር አንድም አልነበረችም። በሁለተኛው ዙር 11.3 በመቶ ደረሱ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ያለ ልጆች ከሌላቸው ይልቅ ከ20 በላይ የማምጣት ዕድላቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ1998 ከተጠየቁት 74 በመቶው ቢያንስ አንዳንዴ «ወፍራም ነኝ» የሚል ስሜት እንደሚሰማቸው ተናገሩ። እናቶቻቸው «ወፍሪ» ተብለው የተመረቁ ልጆች ናቸው እነዚህ።

ውጤቱ በ1999 ይፋ ሲሆን የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ታሪኩ ለጋዜጣ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ንጹሕ ደሴት፣ ክፉ ቴሌቪዥን፣ የተበላሹ ልጃገረዶች። ሙሉው ጥናት በ2002 በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው የጋዜጣውን ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ ዋናውን ነገር ዘልሎታል።

*ልጆቹ ምን አሉ?*

በሁለተኛው ዙር ቤከር 30 ልጃገረዶችን ቁጭ አድርጋ በሰፊው አናገረቻቸው። ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ዳይት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ወደፊት ሕይወታቸው። አብዛኞቹ ቴሌቪዥን እነሱን ወይም ጓደኞቻቸውን ስለ ሰውነታቸው የተለየ ነገር እንዲሰማቸው እንዳደረገ ተናገሩ። እዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። «እንደዚያች ተዋናይ ቆንጆ ልሁን» የሚል መልስም ነበረ።

ከ10 ልጆች 4ቱ ያህል ግን ሌላ ነገር አነሱ። መክሳት የሚፈልጉት የተሻለ ሥራ ለማግኘት፣ ወይም ቤት ውስጥ የበለጠ ጠቃሚ ለመሆን ነው። ወፍራም ሰው ሰነፍ ነው፣ ቶሎ ይደክመዋል፤ ቀጭን ግን ቀልጣፋ ነው ብለው ያስባሉ። ዚና የምትባለዋን ጦረኛ ሲያደንቁ ፊቷን ብቻ ብለው አይደለም። ጠንካራ ናት፣ ወንድ የሚሠራውን ትሠራለች፣ ማንንም አትጠብቅም። ቴሌቪዥን ላይ ያሉት ሴቶች ቢሮ ይገባሉ፣ ደሞዝ አላቸው፣ የራሳቸው ቤት አላቸው። ሁሉም ደግሞ ቀጫጭን ናቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የናድሮጋ ልጅ እናቷ ጎደሬ ነው የምትተክለው። ልጅቷ ግን ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ነው። ከፊቷ ያለው ኑሮ የደሞዝ ኑሮ ነው፤ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ቢሮ። እዚያ እንዴት እንደሚገባ የሚነግራት ትልቅ ሰው በመንደሩ የለም። እናት አታውቅም፣ አያትም አታውቅም። የሚያሳያት ያ ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሥራና ቀጭን ሰውነት ሁሌም አብረው ነው የሚታዩት። ልጅቷ የምታስበው ስለ መስታወት ሳይሆን ስለ እንጀራዋ ነው። ሰውነቷን ወደማታውቀው ኑሮ መግቢያ ማመልከቻ አድርጋዋለች።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ይሄን ጉዳይ «የውበት ጉዳይ» ብሎ የሚያነብ ባለሙያ ግማሹን ይስታል። ልጅቷን «ቆንጆ ነሽ እኮ፣ ምን ሆንሽ?» ብሎ ማጽናናት መልስ አይሆናትም። ጥያቄዋ እሱ አልነበረማ!

*ጥርጣሬዎቹ*

ጥናቱ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። የ1995ቶቹና የ1998ቶቹ ልጆች የተለያዩ ናቸው፤ አንዷን ልጅ ሦስት ዓመት ተከታትሎ አላየም። ቁጥሩም ትንሽ ነው። ቴሌቪዥን ያልገባበት ሌላ አካባቢ ለማነጻጸሪያ አልተያዘም። በነዚያ ሦስት ዓመታት የተቀየረው ቴሌቪዥን ብቻ ነው ብሎ መማልም አይቻልም። ገንዘብ እየገባ ነበር፣ ቱሪስት እየበዛ ነበር፣ ኑሮ እየተቀየረ ነበር። ከ20 በላይ ያመጣች ሁሉ ታማሚ ናት ማለትም እንዳልሆነ ብለነዋል። ራስን ማስመለስ ከዜሮ ተነሥቶ እዚያ መድረሱ ግን በቀላሉ የሚጣጣል ምልክት አይደለም።

ቤከር እዚያው አላቆመችም። ከዓመታት በኋላ ከባልደረቦቿ ጋር 523 የፊጂ ልጃገረዶችን አጠናች፤ ውጤቱ በ2011 ወጣ። የዚያኛው ግኝት ከመጀመሪያው ይልቅ ለዛሬ ይጠቅመናል ባይ ነኝ። የልጅቷ የራሷ ቴሌቪዥን ማየት ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ የጓደኞቿ ማየትም ነው። ቤቷ ቴሌቪዥን ባይኖርም፣ ጓደኞቿ የሚያዩ ከሆነ ጫናው ይደርሳታል። ስለዚህ «ስልኳን ቀሟት፣ ቲክቶክ አጥፉባት» የሚለው መፍትሔ ብዙም አያስኬድም። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች መካከል የአንዷን ስልክ ማጥፋት ምን ይፈይዳል?

ከነዚህ ተከታታይ ጥናቶች የወጣ ሌላም ነገር አለ። ፊጂ ውስጥ ሆድ የሚያጥብ ባህላዊ የቅጠል መድኃኒት አለ፤ እናቶች ለጤና ብለው ለልጆቻቸው የሚሰጡት። አንዳንድ ልጃገረዶች ይሄንኑ የቤት መድኃኒት ለክብደት መቀነሻ አዋሉት። ከፋርማሲ የሚገዛ የሚያስቀምጥ ክኒን እንደሚወስዱ የምዕራብ አገር ሕመምተኞች ሁሉ። በውጭ አገር መጠይቅ ላይ ግን «የቅጠል መድኃኒት» የሚል ጥያቄ የለም፤ ስለ ክኒን ብቻ የሚጠይቅ ሰው «አልወስድም» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኝና ይሄዳል። ኮሶ የምናውቅ ሰዎች ይሄ ወዲያው ነው የሚገባን።

*ወደ ጤና ተማሪው*

የጤና ተማሪዎች ከሌላው ተማሪ የተለዩ ፍጡሮች አይደሉም። ሁለት ነገር ግን ይለያቸዋል።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። በ2016 የታተመ፣ ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጣመረ ሥራ፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ምልክት ከታየባቸው መካከል እርዳታ የጠየቁት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2019 የወጣ ሌላ ተመሳሳይ ሥራ ደግሞ የ9 አገር 5,722 የሕክምና ተማሪዎችን አጠቃሎ፣ 10.4 በመቶው ለአመጋገብ መዛባት የተጋለጡ እንደሆኑ ገልጿል።

ሁለተኛው ከቁጥር ይከብዳል። የናድሮጋ ልጅ ሰውነቷን ከሥራ ጋር ያገናኘችው ድራማ አይታ ነው። የጤና ተማሪዋ ግን ግንኙነቱን የምትማረው ክፍል ውስጥ ነው፣ ያውም በፈተና። ውፍረት ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ እንደሚያጋልጥ ሌክቸር ይሰጣታል። እውነትም ነው። ዋርድ ስትወጣ ደግሞ ሲኒየሩ ስለ ወፍራም ታካሚ ሲቀልድ ትሰማለች። «ራሱ ቦርጭ ያለው ሐኪም ቦርጭህን ቀንስ ቢለኝ ማን ይሰማዋል?» የሚለውን የሻይ ቤት ቀልድም ታውቀዋለች። ቀስ በቀስ ሰውነቷ የሙያ ፈቃዷ አካል ይመስላታል። ጋውኑ ሲጠብ ጋውን ብቻ አይደለም የጠበበው።

ፊዚዮሎጂ ላብ ውስጥ የሚደረገውን አስቡት። የዕለቱ ርዕስ ቢኤምአይ ነው፤ ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር። ሚዛኑ መሐል ላይ ተቀምጧል። ተማሪዎች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ስም፣ ቁመት፣ ክብደት። ክላሱ ይስቃል። አስተማሪው ክፋት የለውም፤ ዳታ ነው የሚፈልገው። ያች ጥግ ላይ ቁጭ ያለችው ልጅ ግን ያን ቁጥር ይዛው ነው የምትሄደው። ወንዱም እንዲሁ። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ የሚሳቀቁት በመክሳታቸው ነው፤ «ንፋስ ይወስድሃል» ይባላሉ፤ ከዚያ ጂም፣ ከዚያ ፕሮቲን ዱቄት። ስኪል ላብ ላይም እርስ በርስ ሲለማመዱ ልብስ ማውለቅ አለ። ለዚህ የሚዘጋጅ መጋረጃ ያለው ትምህርት ቤት እንዳለ ሁሉ የሌለውም አለ።

የሚያስቀው ነገር ምልክቶቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ደጋግሞ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያወርዳል። የፖታሲየም መውረድ የልብ ምት ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል። የጥርስ ልባስ ይበላል። ጉሮሮ ውስጥ የገባ ጣት አንጓው ላይ ጠባሳ ይይዛል፤ ይሄን ምልክት በ1979 የገለጸው ጄራልድ ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ በስሙም ይጠራል። የወር አበባ ይቀራል። ተማሪዋ ይሄን ጽፋ ኤ ልታመጣ ትችላለች። ስለ ራሷ ስትጠየቅ ግን «ጨጓራ ነው» ትላለች። ጨጓራ እኛ አገር ሁሉን ነገር የሚሸከም ሕመም ነው፤ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅበትም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ኢት-26 ለአንድ የጤና ኮሌጅ ክፍል እንስጠው እንበል። ጥያቄዎቹን እንደኛ ሰው ሆናችሁ መልሷቸው።

«የምበላው ምግብ ስንት ካሎሪ እንዳለው አውቃለሁ።» የኒውትሪሽን ተማሪ «ሁልጊዜ» ይላል። ፈተና አለበት።

«እየራበኝ ከመብላት እቆጠባለሁ።» ሁዳዴ ላይ ነን፤ ወይም ረመዳን ነው። «ሁልጊዜ።»

«ሌሎች ሰዎች ብዙ ብበላ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።» እናቴን ታውቋታላችሁ? «ሁልጊዜ!»

«እንድበላ ሰዎች ይጫኑኛል።» ጉርሻ። «ሁልጊዜ።»

«ምግቤን በትንንሹ እቆርጣለሁ።» እንጀራ ሌላ በምን ይበላል?

እያንዳንዱ «ሁልጊዜ» 3 ነጥብ ነው። አምስቱ 15 ሆኑ። አንድ ጤነኛ ተማሪ ምንም ሳይሆን 20ን ሊጠጋ ነው። በሌላ በኩል በእውነት የታመመችዋ «ወፍራም መሆን ያስፈራኛል» ለሚለው «በፍጹም» ብላ፣ ከ20 በታች አምጥታ፣ በጸጥታ ታልፋለች። ስለዚህ መጠይቅ አባዝቶ በተማሪ ላይ ጥናት የሚሠራ ሰው ቤከር ያደረገችውን ማድረግ አለበት። ቁጭ ብሎ ማናገር። ካልሆነ በመቶኛው ውስጥ ጾመኛውንና ሕመምተኛውን ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው።

ወፍራም መሆንን ሳትፈራ እንዴት ትታመማለች? ለዚህ ከፊጂ ወደ ጋና ልውሰዳችሁ። በ2004 የታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለት ትምህርት ቤቶች 668 ልጃገረዶችን መዘነ። ከነዚህ መካከል 10 ልጆች ቢኤምአያቸው ከ17.5 በታች ሆኖ ተገኘ፤ የመክሳታቸውም ምክንያት ራሳቸውን ማስራባቸው ብቻ ይመስላል። አሥሩም ምግብ መተዋቸውን እንደ መልካም ነገር ነበር የሚያዩት፤ በሃይማኖት ቋንቋም ነበር የሚገልጹት። ስለ ራስ መግዛት፣ ረሃብን ስለ ማሸነፍ ያወራሉ። ስለ ቅርጽ፣ ስለ ክብደት ግን የተለመደው ጭንቀት የለባቸውም። ሆንግ ኮንግም ሲንግ ሊ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ውፍረትን የማይፈሩ፣ ግን ምግብ እምቢ ያሉ ሕመምተኞችን በ1990ዎቹ ደጋግሞ ጽፏል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕመሞች የምርመራ መመሪያም ነገሩን አላልቶታል፤ ፍርሃቱን በአፏ ባትናገረውም፣ ክብደት እንዳይጨምር የሚከለክል ድርጊት ከቀጠለ ይበቃል ይላል።

ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ጾም የሚከበር ነገር ነው፤ መከበርም አለበት። ተማሪ ካፌ ውስጥ «ጾመኛ ነኝ» ያለች ልጅን ማንም አይጠይቃትም። ስለዚህ መሸሸጊያ ለምትፈልግ ልጅ ከጾም የሚሻል የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ማታ፣ ከዚያ «አልራበኝም»። የሚያመሰግኗትም አሉ። ራሷም ጾም ይሁን ሌላ ነገር መለየት ሊያቅታት ይችላል፤ የጋናዎቹም እኮ እየዋሹ አልነበረም።

የተማሪ ክሊኒክ ላይ ያለ ነርስ ወይም ሐኪም ታዲያ ምን ያድርግ? ጾሙን መንካት አያስፈልግም፤ ከነካ ልጅቷ ተመልሳ አትመጣም። «መክሳት ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ መጀመርም ብዙ አያወጣም፤ የናድሮጋዋም የጋናዋም «አይ» ልትለው ትችላለች። ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ማዞሩ፣ ስለ እንቅልፏ ይጠይቅ። ክብደቷን ለብቻዋ፣ በር ዘግቶ ይመዝን። ታስመልሳለች ብሎ ከጠረጠረ ፖታሲየሙን ያሠራ፤ ኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) ካለ ያንሣላት። የምትወስደውን ነገር ሲጠይቅ ክኒን ብቻ አይበል፤ ሻይም፣ ቅጠልም፣ ኮሶም ይጨምር። «ስትመረቂ ምን ዓይነት ባለሙያ ሆነሽ ነው ራስሽን የምታዪው?» ብሎም ይሞክር፤ ሰውነቷን ከሥራዋ ጋር አያይዛው ከሆነ እዚህ ጋ ብቅ ይላል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማንንም የማያስቀይም፣ ብዙ የሚያሳይ። «ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄድሽ? ምን በላሽ?» ጾማ የፈታች ልጅ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ያመማትን ሆድ ሳይቀር እየሳቀች ትቆጥረዋለች። ጾሙ አልቆም መብላት ያልቻለችው ግን ምክንያት ትደረድራለች፤ ጨጓራ፣ ጉዞ፣ ፈተና። ለዚች ቀጠሮ ይሰጣታል፤ ከተቻለ በዚያው ሳምንት፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ባለበት ቀን።